ከሩቅ አገር የተመለሰው መንገደኛ ሐቅ

በሶሮ ወረዳ፣ ከሆሳዕና በስተደቡብ ምዕራብ ስለምትገኘው ስለ ጊምቢቹ ከተማ የሚያወራ ሰው መንገደኛን ሳያነሳ ማለፍ አይችልም። ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ የአካባቢው ወጣት በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያንና ታንዛኒያን አቋርጦ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ ሲጓዝ ኖሯል። እህቶቹም ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። በጊምቢቹም ሆነ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ አዲስ ቤት አይቶ «የማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ ስም ነው። የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት፣ የእድር መዋጮ ሳይቀር ከዚያው ይመጣል።

እንግዲህ «ከውጭ የተመለሰ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ ይቀመጥ» የሚል ትእዛዝ በሌላ ከተማ የጤና ባለሥልጣናት ጉዳይ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ግን የሚለየው ሰው ልጅ ነው፤ ወንድም ነው፤ የቤቱ ምሰሶ ነው። ለዓመታት ስትናፍቀው የኖረች እናት ልጇን ከማቀፍ እንድትታቀብ፣ ጎረቤትም «እንኳን ደህና ገባህ» ለማለት ቡና ወደተፈላበት ቤት እንዳይጎርፍ ይጠየቃል። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ለመሆኑ ይህን የመሰለ ሕግ ከየት መጣ? የሚያስገድደውስ መንገደኛውን ብቻ ነው? ወይስ የሚጠብቀውንም ከተማ? እስቲ ታሪክን እንመልከት።

ሦስት ዓይነት ተመላሾች

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱን አስታወቀ። ታማሚው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የጃፓን ዜጋ ነበር። ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ከመጋቢት 14 ጀምሮ፣ ወደ አገር የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ለ14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። በዚያው ሰሞን የየብስ ድንበሮች ለሰው ዝውውር ተዘጉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡንም የተላለፈ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ተደነገገ።

ሕጉ በወረቀት ላይ አንድ ነበር። ተመላሹ ግን ሦስት ዓይነት ነበር።

የመጀመሪያው ፓስፖርቱን ይዞ፣ ቲኬቱን ቆርጦ በቦሌ የሚገባው ነው። ለዚህ ሰው በመጀመሪያ የተመደቡለት ስካይላይትና ግዮን ሆቴሎች ሲሆኑ፣ ወጪውን ራሱ እንዲሸፍን ተነገረው። አቅም ላለው ሰው ይህ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ መሰላቸት ነው። ለዓመታት ያጠራቀማትን ጥቂት ጥሪት ይዞ ለሚመለስ ሱቅ ጠባቂ ግን ለቤተሰቡ ያሰባት ገንዘብ ቤቱ ሳይደርስ የምታልቅበት መንገድ ነው።

ሁለተኛው ሳይወድ የተመለሰው ነው። ወረርሽኙ በጀመረበት በዚያው ሰሞን ከሳዑዲ ዐረቢያ ኢትዮጵያውያን በብዛት ተባርረው መጡ፤ እስከ ሚያዝያ 2012 መጀመሪያ ድረስ ብቻ ቁጥራቸው ከ2 ሺህ 800 በልጦ ነበር። ከጅቡቲ፣ ከሱዳንና ከኬንያ የሚመለሱትም ተከተሉ። ለእነዚህ መንግሥት ተማሪ የወጣላቸውን ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች ለይቶ ማቆያ አደረገ። ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላን ወደ ማደሪያ ክፍል የገባ ሰው ሁለተኛ የታሰረ ቢመስለው ማን ይፈርድበታል?

ሦስተኛው በኬላ የማያልፈው ነው። ሳይመዘገብ የሄደ ሰው ሳይመዘገብ ይመለሳል። ይህን መንገድ ዓለም በአንድ ክፉ ቀን አየው። የለይቶ ማቆያው ትእዛዝ ሥራ ላይ በዋለ ማግሥት፣ መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ተይዞ ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። የልጆቻችን መንገድ ይህ ነው። ለቤተሰቦቻቸው ጽናቱን ይስጣቸው።

ደቡብ አፍሪካም በበኩሏ መጋቢት 17 እኩለ ሌሊት ላይ አገሪቱን ዘጋች። «ስፓዛ» የሚባሉትን ትናንሽ የሰፈር ሱቆች በተመለከተ መጀመሪያ የተነገረው የአገሬው ተወላጆች ሱቆች ብቻ እንዲከፈቱ ነበር፤ ፈቃድ ያላቸው የውጭ አገር ሰዎች የተካተቱት ዘግይቶ ነው። በጊምቢቹ ያለው ቤተሰብ በአንድ በኩል «ልጄ ይመለስ ይሆን?» እያለ ሲጨነቅ፣ በሌላ በኩል ይመጣለት የነበረው ገንዘብ ደረቀበት። ለይቶ ማቆያ የሚባለውን ነገር ስንመረምር እነዚህን ሦስት መንገደኞች ከዓይናችን ልናርቃቸው አይገባም።

የዐምዋስ ወረርሽኝ

ይህ ሕግ ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጧዑን (ወረርሽኝ) የተነሳበትን አገር በተመለከተ ያስተማሩት ሁለት ጎን ያለው መመሪያ ነው። በውጭ ያለ ሰው ወደዚያ አገር እንዳይገባ፣ በውስጡ ያለ ደግሞ በሽታውን ሸሽቶ እንዳይወጣ። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ይህንኑ ነው፤ መመሪያው በተግባር እንዴት እንደተፈጸመ ግን እምብዛም አናስተውልም።

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ (እ.ኤ.አ. 639) ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ይጓዙ ነበር። «ሰርገ» ከሚባለው ስፍራ ሲደርሱ አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕና ሌሎች የጦር መሪዎች ተቀብለዋቸው በሻም ወረርሽኝ መነሳቱን ነገሯቸው። ዑመር በራሳቸው ሐሳብ ብቻ አልወሰኑም። በመጀመሪያ ሙሃጅሮችን ሰብስበው አማከሩ፤ ተለያዩ። ቀጥለው አንሷሮችን አማከሩ፤ እነርሱም ተለያዩ። በመጨረሻ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠሩ፤ እነዚህ በአንድ ድምፅ እንዲመለሱ መከሩ። ዑመርም ለመመለስ ቆረጡ። አቡ ዑበይዳ «ከአላህ ውሳኔ ሽሽት ነውን?» የሚል ጥያቄ ሲያነሱ፣ ዑመር ሽሽቱ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሆኑን አስረዷቸው። ግመሎቹን ልምላሜ ወዳለበት የሸለቆው ወገን የሚነዳም ሆነ ወደ ደረቁ የሚነዳ ከአላህ ውሳኔ እንደማይወጣ በምሳሌ ነገሯቸው። ቀደም ሲል በቦታው ያልነበሩት ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ዘግይተው ደርሰው ከነቢዩ የሰሙትን መመሪያ ሲናገሩ ውሳኔው ከዚያ ጋር ገጥሞ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ! ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ክልከላው የተወሰነው ከምክክር በኋላ ነው፤ ሰዎች የተለያየ አስተያየት ሲሰጡ ዝም አልተባሉም፤ ጥያቄያቸውም በቁጣ ሳይሆን በማስረጃ ተመልሷል። ሁለተኛ፣ ሕጉ መጀመሪያ የታሰረበት ሰው ደካማው መንገደኛ አልነበረም። መንገዱን አቋርጦ የተመለሰው መሪው ራሱ ነው።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ግን ከዚህም ይበልጣል። ዑመር ወደ መዲና ከተመለሱ በኋላ አቡ ዑበይዳ ከሻም እንዲወጡ ፈልገው ጻፉላቸው። አቡ ዑበይዳ ግን ወታደሮቻቸውን ትተው ራሳቸውን ማትረፍ አልፈለጉም፤ እዚያው ቆዩ፤ በዚያው ወረርሽኝም ሞቱ። ታሪክ ጸሐፊዎች በዐምዋስ ወረርሽኝ ያለቀውን ሰው ወደ 25 ሺህ ያደርሱታል። ከአቡ ዑበይዳ በኋላ ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) ሞቱ፤ ከእርሳቸው በኋላ አመራሩን የያዙት ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) ሕዝቡን ወደየተራራው በተኑት፤ ከዚያም በሽታው ጋብ አለ።

እንግዲህ በውስጥ የሚቆየው ሰው በነቢዩ ትምህርት ምን ቦታ አለው? ታግሦ፣ አጅሩን ከአላህ አስቦ በተቀመጠበት ለሚጸና ሰው የሸሂድ ምንዳ የሚመስል ምንዳ እንዳለው ተነግሯል። ይህን ጉዳይ በደንብ እናስብበት። የሸሂድ ምንዳ የሚሰጠው ለወንጀለኛ አይደለም። ለሌላው ሲል ዋጋ ለከፈለ ሰው ነው። ተለይቶ የተቀመጠው መንገደኛ ስለዚህ በከተማው ፊት ተጠርጣሪ ሆኖ የሚቆም አይደለም፤ የከተማው ባለውለታ ነው። ዕዳው ያለው በከተማው ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል።

ከደማስቆ እስከ ራጉሳ

ለሀዲያ ሰው ቅርብ የሆነ አንድ የታሪክ ገጠመኝ እዚህ ላይ እናንሳ። በመካከለኛው ዘመን ሀዲያ ከሰባቱ የኢትዮጵያ እስላማዊ ግዛቶች አንዷ እንደነበረች ከጻፉት መካከል የደማስቆው ኢብኑ ፈድሉላህ አል ዑመሪ ይገኛል። አል ዑመሪ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1349፣ «ጥቁሩ ሞት» የተባለው ወረርሽኝ ሻምንና ግብፅን ባራቆተበት ዘመን ነው። በዚያው ዘመን የገርናጣ (ግራናዳ) ሚኒስትር የነበረው ሊሳኑዲን ኢብኑል ኸጢብ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ባየው ነገር ተመርኩዞ ተከራከረ። ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ መርከብ ወደብ ሲደርስ በሽታው በከተማው እንደሚነሳ፣ ከሰው ተለይተው የተቀመጡ ሰዎች ደግሞ እንደሚተርፉ አስተዋለ። በዘመኑ መተላለፍ የሚባለውን ነገር የማይቀበሉ ዐሊሞች ነበሩ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም።

መንገደኛን ለይቶ የማቆየት ሕግ በአውሮፓ በጽሑፍ የወጣው በአድሪያቲክ ባሕር ዳር ባለችው ራጉሳ፣ በዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1377 ነው። ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰው ከተማዋ ከመግባቱ በፊት 30 ቀን ውጭ እንዲቆይ ታዘዘ። በኋላ ቀኑ ወደ 40 ከፍ አለ፤ «ኳራንቲን» የሚለው ቃልም አርባ ከሚለው የጣልያን ቃል የወጣ ነው። ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1423 በደሴት ላይ ቋሚ የሕሙማን ማቆያ ሠራች። የራጉሳ ሰዎች ነጋዴዎች ነበሩ። ወደባቸውን ፈጽመው ቢዘጉ በረሃብ ያልቃሉ፤ ፈጽመው ቢከፍቱ በበሽታ ያልቃሉ። ለይቶ ማቆያ የተወለደው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። መንገደኛ የሚያስፈልገው ከተማ ያወጣው ሕግ ነው እንጂ መንገደኛን የሚጠላ ከተማ ያወጣው አይደለም። በመንገደኛ የምትኖረው ጊምቢቹ ይህን ከማንም ይበልጥ ትረዳዋለች።

የቀይ ባሕር ማቆያዎች

እ.ኤ.አ. በ1865 በሐጅ ወቅት መካ ላይ ኮሌራ ተነሳ። ከ90 ሺህ ገደማ ሑጃጅ መካከል 15 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። ተመላሾቹ በስዊስ በኩል ወደ እስክንድርያ ሲያልፉ በሽታው ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በሚቀጥለው ዓመት የአውሮፓ መንግሥታትና ቱርክ በኢስታንቡል ጉባኤ ተቀመጡ፤ ሐጅ አድራጊውን በመንገዱ ላይ የመመርመርና የማቆየት ሥርዓትም ከዚያ በኋላ እየጠነከረ መጣ። ከሕንድ ውቅያኖስ ወገን ለሚመጡት በየመን ዳርቻ ባለችው የከማራን ደሴት ላይ የኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1882 ማቆያ ከፈተ። ወደ ግብፅ ለሚመለሱት ደግሞ በሲና ዳርቻ ያለው አጥ ጡር ተዘጋጀ።

ማቆያዎቹ ያስፈልጉ ነበር፤ በዚህ አንከራከርም። አሠራራቸው ግን የብዙ ሰው ልብ አቆሰለ። የማቆያው ወጪ ከሐጅ አድራጊው ከራሱ በሚሰበሰብ ክፍያ ይሸፈን ነበር። ብዙው ሐጅ አድራጊ ደግሞ ድሃ ነው። ልብሱና ዕቃው በእንፋሎት ማሽን ሲቀቀል፣ በማያውቀው ቋንቋ ሲታዘዝ፣ ለምን እንደሆነ የሚነግረው አልነበረም። ጥርጣሬው እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1895 በጅዳ አቅራቢያ በአውሮፓ ቆንስሎች ላይ ተኩስ ተከፈተ። የሞተው የእንግሊዝ ምክትል ቆንስል ዶክተር ዓብዱረዛቅ የሚባል ሕንዳዊ ሙስሊም ሐኪም ነበር፤ የበሽታ ማጥፊያ ማሽኑም ተሰበረ። አስተውል! ሕዝብን ከበሽታ ለመጠበቅ የመጣ መሣሪያ በሕዝቡ እጅ ተሰበረ። መሣሪያው ስለማይሠራ አልነበረም፤ የሚታመን ሰው ስላልነበረ ነው።

የአጥ ጡር ታሪክ ሌላም ትምህርት ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1905 እዚያ ከሞቱ ሑጃጅ ላይ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ለየት ያለ የኮሌራ ተሐዋስ አገኘ፤ ተሐዋሱም የቦታውን ስም ይዞ «ኤል ጦር» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢንዶኔዥያ የተነሳውና በ1970 አገራችን የደረሰው የኮሌራ ወረርሽኝ የዚሁ ዝርያ ነው። የእነዚያ የሞቱ መንገደኞች ውለታ እንግዲህ እስከ እኛ ደርሷል። በሽታውን ለማወቅ የተቻለው እነርሱ ተለይተው በቆዩበት ስፍራ ነው።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የሐጅ ጤና ጥበቃ ኃላፊነት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተላለፈ፤ በጅዳም ትልቅ የለይቶ ማቆያ ሆስፒታል ተሠራ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ደግሞ ሐጅ ከውጭ አገር ለሚመጣ ሁሉ ተዘጋ። የተፈቀደላቸው በሳዑዲ የሚኖሩ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ከሐጁ በፊትም ከሐጁ በኋላም ተለይተው ቆይተዋል።

በአገራችን የተረፈው ትዝታ

የኮሌራው ወረርሽኝ ከ1865ቱ ሐጅ በኋላ በነበረው ዓመት በእኛም አገር ነበር። በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በጣና ዳር ቆራጣ በነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሠፈር በሽታው ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውን አንስተው ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ። ዐምር ኢብኑል ዓስ በሻም ካደረጉት ጋር የሚመሳሰል ነው።

ከዚያ በኋላ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መጣ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዕቃና ሰው በፍጥነት ያመጣው ሐዲድ ብዙም ሳይቆይ የዓለሙን ኢንፍሉዌንዛም አመጣ። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ሕዝቡ ይህን ዘመን የሚያስታውሰው በየዓመቱ ኅዳር 12 በየደጁ ቆሻሻ እየሰበሰበ በማቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» በሚለው ልማድ ነው። በዚህ ልማድ ውስጥ የምወደው አንድ ነገር አለ። ሁሉም የሚጠርገው የራሱን ደጅ ነው። በሽታው በባቡር መጣ ተብሎ ጥፋቱ በባቡር ተሳፋሪው ላይ አልተላከከም።

14 ቀን ለምን?

አንዳንድ ሰው 14 ቀን የሚለውን ቁጥር እንዲያው የተመረጠ ይመስለዋል። አይደለም። በኮሮና የተያዘ ሰው ምልክት ለማሳየት በአማካይ 5 ቀን ያህል ይወስድበታል። ምልክት ከሚያሳዩት መቶ ሰዎች 97ቱ ያህል እስከ 11ኛው ወይም 12ኛው ቀን ድረስ ይታይባቸዋል። 14 ቀን የተባለው ከዚህ ላይ ጥቂት ተጨምሮ ነው። ለኮሌራ የሚበቃው 5 ቀን ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ በተገኘ ጊዜ ከታማሚ ጋር የተነካኩ ሰዎች ክትትል የተደረገላቸው ለ21 ቀን ነበር። እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ቀን አለው።

ይህን ማወቁ ለምን ይጠቅማል? ምክንያቱ የተነገረው ሰው ቀኑን ይቆጥራል፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው መውጫ ቀዳዳ ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን ጤነኛ ነኝ የሚለው ተመላሽ የሚዋሽ አይደለም፤ በእርግጥ ሕመም አይሰማውም። በዘጠነኛው ቀን ግን ላይሆን ይችላል።

የከተማው ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በወረርሽኙ ወቅት በሕዝባችን መካከል ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይሰሙ ነበር። አንዱ «በሽታን መፍራት የኢማን ድክመት ነው፤ የተጻፈልን ያገኘናል» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ሰርገ ላይ ተሰጥቷል። ከዑመር ይበልጥ በአላህ እመካለሁ የሚል ካለ ይምጣ! ደግሞም እዚህ ላይ ያለው ጥያቄ የራስን ነፍስ ስለመፍራት አይደለም። ወጣቱ ሊድን ይችላል፤ የጎረቤቱ ሽማግሌ ግን ላይድኑ ይችላሉ። ለራስ መድፈር አንድ ነገር ነው፤ በሌላ ሰው አባት ሕይወት መድፈር ግን ጀግንነት አይባልም።

ሁለተኛው ስሕተት የፊተኛው ተቃራኒ ነው። ተመላሹን በሽታው ራሱ አድርጎ ማየት ነው። ገንዘብ ሲልክ «ልጃችን» ሲባል የኖረ ሰው፣ ባዶ እጁን ሲመለስ «በሽታ ይዞብን መጣ» ይባላል። ዓረብ አገር በሰው ቤት ስትደክም ኖራ ደመወዟን እንኳ ሳትቀበል የተባረረች እህት፣ በሰፈሯ ሰው ዓይን ሁለተኛ ትባረራለች። እንዲህ ያለ አቀባበል እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሰው በቀን አይገባም፤ በኬላም አያልፍም። ሌሊት ይገባል፤ ይደበቃል፤ ቢያተኩሰውም ለጤና ጣቢያ አይናገርም። ስድብ በሽታን አያስቀርም። በሽተኛውን ብቻ ይሸሽገዋል።

ታዲያ ከተማው ምን ዕዳ አለበት? ዝርዝሩ ረጅም አይደለም፤ አፈጻጸሙ ነው ከባድ።

በመጀመሪያ ቦታ ነው። «ቤትህ ተለይተህ ተቀመጥ» የሚለው ትእዛዝ ብዙ ክፍል ላለው ቤት የተነገረ ነው። በሀዲያ ገጠር ሰውም ከብትም በአንድ ጣራ ሥር በሚያድርበት ሳር ቤት ውስጥ ማን ከማን ይለያል? ስለዚህ ማቆያ የሚሆን ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ፣ ውሃና መጸዳጃ ያለው፣ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ የሚያድሩበት፣ በሽታው ከመምጣቱ በፊት ታስቦበት መታወቅ አለበት። ማቆያ ውስጥ ሰዎችን አፋፍጎ ማስቀመጥ ጤነኛውን ከበሽተኛው ጋር ማሰር ነው፤ ከዚህ ባይለዩ ይሻላቸው ነበር።

ሁለተኛው ስንቅ ነው። ተመላሹ የተለየው ለከተማው ደኅንነት ከሆነ ወጪውም የከተማው መሆን አለበት። የከማራን ስሕተት ዋጋውን በድሃው መንገደኛ ላይ መጫኑ ነበር። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተክል፣ እንጀራና ቆጮ አዋጥቶ ሐዘንተኛውን ቀናት የሚያስተናግድ እድር ያለው ሕዝብ ለአንድ ተመላሽ 14 ቀን ምግብ ማድረስ ያቅተዋል? መስጂዱ በዘካና በሰደቃው፣ ቤተ ክርስቲያኑም በምጽዋቱ ይህን ሊያግዝ ይችላል። በሽታው ሃይማኖት እንደማይለይ ሁሉ ስንቁም መለየት የለበትም።

ሦስተኛው ወሬ ነው። ተለይቶ ያለ ሰው የሚጎዳው ከረሃቡ ይልቅ ዝምታው ነው። እናቱ በሩቅ ቆማ ድምፅዋን ታሰማው። ጓደኛ ይደውልለት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቀረውን ቀን ትንገረው። ስሙ ግን በገበያ አይነገር፤ ሕመሙ አማና ነውና።

አራተኛው ምክክር ነው። የሰፈር ሽማግሌዎች፣ የእድር ዳኞች፣ ኢማሞችና መጋቢዎች፣ ተመላሾችም ራሳቸው ተጠይቀው የተስማሙበት ሕግ ያለ ፖሊስ ይከበራል። ሳያማክሩ ያወጡት ሕግ ግን 200 ሺህ ብር ቢጻፍበትም የሚከበረው ጠባቂ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው የአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ቀኑን ጨርሶ የወጣን ሰው መቀበል ያስፈልጋል። ያን ቀን ቡናው ይፈላ፤ ጎረቤት ይምጣ፤ ሽማግሌ ይመርቀው። «አደራህን ተወጥተሃል» የተባለ ሰው ለሚቀጥለው ተመላሽ ምስክር ይሆናል። ያልተመሰገነ ሰው ግን የሚያወራው ስለ መከራው ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በአገራችን በይፋ የተመዘገበው ሟች ከ7 ሺህ 500 በላይ ነው። ብዙዎቻችን ጉዳዩን ረስተነዋል፤ ማቆያ የነበሩትም ክፍሎች ለተማሪዎቻቸው ተመልሰዋል። የጊምቢቹ ልጆች ግን መንገዱን አልተዉትም፤ የሚሄድ አለ፣ የሚመለስም አለ። ሌላ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። የእኛ ድርሻ ግን ዛሬ፣ በጤና ቀን፣ ልናስብበት የምንችለው ነው። የትኛው አዳራሽ ይሆናል? ማን ያበስላል? ማን ያደርሳል? ማን ይጠይቃቸዋል? በሽታው በር ላይ ሲደርስ እነዚህን መጠየቅ የጀመረ ከተማ መልሱን የሚያገኘው በመንገደኛው ላይ በመጮኽ ነው።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን፤ ስንቀበላቸውም ሐቃቸውን የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።